የጀግኖች ደቦ

ከደዶ ወደ ጅማ ለገበያም ሆነ ለትምህርት የሚወርድ ወጣት ሲመለስ ኪሱ ውስጥ ፍላሽ መኖሩ የተለመደ ነው። ፍላሹ ላይ መዝሙር አለ፣ ስብከት አለ፣ ፊልምም አለ። ፊልሙ የሱፐርሂሮ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቤቶች የአንዱ ነው፤ ወይ የማርቭል፣ ወይ የዲሲ። (ከዲሲ ጀግኖች አንዱ ስሙ ራሱ ፍላሽ መሆኑ ለእኛ አገር ሰው ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም።) ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ ደጅ ላይ ቆመን ስናወራ፣ የአርሰናልና የማንቸስተር ክርክር ሲሰለች ተራውን የሚይዘው ይኸው ነው፤ አቬንጀርስ ይበልጣል ወይስ ጀስቲስ ሊግ?

ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ስለ ጡንቻ ይሆናል። ሱፐርማን ሀልክን ይጥለዋል፣ አይጥለውም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ዲሲ በዓለም ላይ በጣም የታወቁት ጀግኖች ሁሉ በእጁ ነበሩ፤ ሱፐርማን፣ ባትማን፣ ዎንደር ዉመን። ታላቅ የፊልም ስቱዲዮም በአንድ ጣሪያ ሥር አብሮት ነበር። ማርቭል በበኩሉ ከጀግኖቹ የተሻሉትን ለሌሎች ሰጥቶ፣ ማንም ያልፈለጋቸውን ይዞ የቀረ ቤት ነበር። ታዲያ ጀግኖቹን በአንድ ፊልም አሰባስቦ ዓለምን ያስደነቀው ማርቭል፣ አምስት ዓመት ዘግይቶ መጥቶ የተሰናከለው ዲሲ እንዴት ሆነ? መልሱን ለማግኘት ከፊልሙ ወደ ኋላ፣ ወደ ወረቀቱ ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1938 ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ፣ ከስደተኛ አይሁድ ቤተሰቦች የተወለዱ ሁለት ወጣቶች ሱፐርማንን ለሕትመት አበቁ። የሚኖሩት በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ነበር። አሳታሚ ፍለጋ ዓመታት ከተንከራተቱ በኋላ ገጸ ባሕርዩን ከነሙሉ መብቱ በ130 ዶላር ሸጡት፤ ገንዘቡንም ለሁለት ተካፈሉ። ብኩርናውን በምስር ወጥ የሸጠውን ሰው ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ልዩነቱ እነዚህ ሁለቱ የተራቡት ሥራ ነበር። ገዢው ድርጅት ኋላ ዲሲ በሚለው ስም የታወቀው ነው። ባትማን በ1939፣ ዎንደር ዉመን በ1941 ተከተሉ።

ጀግኖችን በቡድን የማሰለፍ ሐሳብም የተወለደው በዚያው ሰፈር ነው። በ1940 መጨረሻ ጀስቲስ ሶሳይቲ የተባለ የመጀመሪያው የሱፐርሂሮ ቡድን በአንድ መጽሔት ወጣ። በመጀመሪያው ታሪክ ጀግኖቹ አብረው አልተዋጉም፤ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ተቀምጠው በየተራ ገጠመኛቸውን አወሩ እንጂ። የንግዱ ስሌት ቀላል ነበር። አንዱን ጀግና የሚወድ አንባቢ የሌሎቹን መጽሔት ላይገዛ ይችላል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ካሉ ግን ሁሉም አንባቢዎች ይገዛሉ። እኛ አገር ደቦ የምንለውን አስቡት። አንዱ ዶማውን፣ አንዱ በሬውን፣ አንዱ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል፤ ማሳው ግን የአንድ ሰው ነው። የጀግኖቹም ደቦ እንዲሁ ነበር፤ ማሳው የአሳታሚው።

ማርቭል ያን ጊዜ ማርቭል አይባልም ነበር። ባለቤቱ ማርቲን ጉድማን የኒው ዮርክ መጽሔት ነጋዴ ሲሆን፣ ልማዱ ሌላው የሸጠውን አይቶ ተመሳሳዩን በፍጥነት ማውጣት ነበር። ካውቦይ ሲሸጥ ካውቦይ፣ የፍቅር ታሪክ ሲሸጥ የፍቅር ታሪክ። በ1957 ግን መጽሔቶቹን የሚያከፋፍልለት ድርጅት ተዘጋበትና ጭንቅ ውስጥ ገባ። የተረፈለት አማራጭ የተፎካካሪው የዲሲ ንብረት የሆነው አከፋፋይ ድርጅት ብቻ ነበር፤ እሱም በወር ከስምንት መጽሔት በላይ አልይዝልህም አለው። ጀንፈሉን በተፎካካሪው መኪና ጭኖ ጅማ የሚያወርድ ነጋዴን አስቡ፤ የመኪናው ባለቤት "ከስምንት ኩንታል በላይ አልጭንልህም" ሲለው ምን ይላል? እሺ ከማለት በቀር ምንም። ማርቭል እስከ 1968 ድረስ የኖረው በዚህ ገደብ ውስጥ ነው።

በ1960 ዲሲ የቀድሞውን ሐሳብ አድሶ ጀስቲስ ሊግ ኦፍ አሜሪካን አወጣ። ሱፐርማን፣ ባትማን፣ ዎንደር ዉመን፣ ፍላሽ፣ ግሪን ላንተርን፣ አኳማንና ከማርስ የመጣው ማርሺያን ማንሀንተር በአንድ ቡድን ተሰለፉ። መጽሔቱ በደንብ ተሸጠ። ጉድማን ይህንን ከዲሲ አለቃ ጋር ጎልፍ ሲጫወት ሰማ የሚል ወሬ አለ፤ ጎልፉ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ነገር የሽያጩን ዜና ሰምቶ አዘጋጁን ስታን ሊን "አንተም ቡድን ፍጠርልኝ" ማለቱ ነው። ስታን ሊ የጉድማን ባለቤት ዘመድ ነበር፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ገብቶ ሃያ ዓመት ገደማ በዚያ ቤት የሠራ፣ ሥራውም የሰለቸው ሰው። አብሮት የሠራው ሠዓሊ ደግሞ ጃክ ከርቢ ነው። ከርቢ በ1940 ከጓደኛው ከጆ ሳይመን ጋር ካፒቴን አሜሪካን የፈጠረ፣ አሜሪካ ገና ጦርነቱ ውስጥ ሳትገባ ሂትለርን በቡጢ ሲመታ በሽፋን ገጽ ላይ የሣለ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የታሪኩ ማጠፊያ እዚህ ነውና።

ሊና ከርቢ የታዘዙት ቅጂ ነው። በ1961 ያወጡት ፋንታስቲክ ፎር ግን ጀስቲስ ሊግን አይመስልም። የዲሲ ጀግኖች በስብሰባ ላይ እንደ ጥሩ ሽማግሌዎች ይስማማሉ፤ አይቆጡም፣ አይቀናኑም፣ አንዱ ከሌላው በንግግሩ አይለይም። ፋንታስቲክ ፎር ውስጥ ያሉት አንድ ሳይንቲስት፣ እጮኛው፣ የእጮኛው ታናሽ ወንድምና አውሮፕላን አብራሪ ወዳጃቸው ናቸው። ቤተሰብ ናቸው፤ እንደ ቤተሰብም ይጣላሉ። አብራሪው ቤን ግሪም ሰውነቱ ድንጋይ ሆኖ ሲቀር፣ ወዳጁን "ይህን ያደረግህብኝ አንተ ነህ" ብሎ ቂም ይይዝበታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞች የተለየ ልብስ እንኳ አልለበሱም፤ ስማቸውንም አልደበቁም። ከጎረቤት የተወሰደው ቅርጹ ነበር፤ "ጀግኖች በአንድ ላይ" የሚለው። በቅርጹ ውስጥ ያፈሰሱት የራሳቸውን ነገር ነው፦ የኒው ዮርክን ጎዳና፣ የድሃ ቤት ጭቅጭቅን፣ የኪራይ ዕዳን።

ከዚያ ነገሩ ፈጠነ። በ1963 መስከረም እትም አቬንጀርስና ኤክስ ሜን በአንድ ወር ወጡ። አቬንጀርስ አይረን ማንን፣ ቶርን፣ ሀልክን፣ አንት ማንንና ዋስፕን ይዞ ተነሣ፤ ሀልክ በሁለተኛው እትም ላይ ተኳርፎ ጥሎ ሄደ። በአራተኛው እትም ካፒቴን አሜሪካ ከበረዶ ውስጥ ተገኝቶ ተቀላቀለ። በ1966 ፋንታስቲክ ፎር ውስጥ ብላክ ፓንተር የተባለ አፍሪካዊ ንጉሥ ብቅ አለ። ይህን ሁሉ የሣለው በአብዛኛው የከርቢ እጅ ነው።

የፊልም ስቱዲዮ ጉዳይ የሚመጣው አሁን ነው። ኪኒ የተባለ ድርጅት በ1967 ዲሲን፣ በ1969 ዋርነር ብራዘርስን ገዛ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጀግኖቹ ባለቤትና የካሜራው ባለቤት አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ፍሬውም ታየ፤ በ1978 ሱፐርማን፣ በ1989 ባትማን የዓለምን ሲኒማዎች ሞሉ። ነገር ግን ሁለቱም የአንድ ሰው ፊልሞች ነበሩ። ሌላ ጀግና በአጠገባቸው አልቆመም። ስቱዲዮው እያንዳንዱን ጀግና እንደ ተለየ እርሻ ለተለያየ አራሽ ያከራየ ይመስል ነበር፤ ማንም የሌላውን ድንበር አይሻገርም።

ማርቭል ስቱዲዮ ስላልነበረው የፊልም መብቱን በየጊዜው ለሚመጣ ሁሉ ይሰጥ ነበር። በአካባቢያችን ልጅ ታሞበት ወይም የትምህርት ወጪ ገጥሞት ቡናውን ገና በአበባው ሳለ ለአበዳሪ የሚሸጥ ገበሬ አይጠፋም። ዛፉ የእሱ ነው፣ ውሃውን የሚያጠጣው እሱ ነው፣ ፍሬው ግን ሲቀላ የሌላ ነው። ማርቭልም እንዲህ ሆነ። ፋንታስቲክ ፎር ለአንድ የጀርመን ፕሮዲውሰር ተሰጠ። የውሉ ጊዜ ሊያልቅበት ሲል ሰውየው መብቱን ላለማጣት ብቻ በ1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አንድ ፊልም በጥድፊያ አሠራ። ያ ፊልም የማርቭል የመጀመሪያው የቡድን ፊልም ነው፤ በ1994 ሊታይ ታስቦ ሲኒማ ሳይገባ ቀረ። ተዋናዮቹ የደከሙበትን ሥራ አደባባይ ላይ አላዩትም። በዲሲም በኩል በ1997 ለቴሌቪዥን የተሠራ የጀስቲስ ሊግ ሙከራ ነበር፤ እሱም በአሜሪካ ቴሌቪዥን ሳይታይ ተቀበረ። የሁለቱም ቤቶች የመጀመሪያ የቡድን ፊልም የተደበቀ ፊልም ነው ማለት ነው።

በ1996 ታኅሣሥ ማርቭል የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ጋዜጠኛ ቤን ፍሪትዝ እንደዘገበው በ1998 ማርቭል የቀሩትን ጀግኖች የፊልም መብት በሙሉ ጠቅልሎ በ25 ሚሊዮን ዶላር ለሶኒ አቀረበ። ሶኒ "ሌሎቹን ማን ይፈልጋቸዋል?" አለና ስፓይደርማንን ብቻ በ10 ሚሊዮን ወሰደ። ኤክስ ሜን አስቀድሞ ለፎክስ ተሰጥቶ ነበር። በ2000 ፎክስ ኤክስ ሜንን ሲያወጣ የጀግኖች ቡድን በሲኒማ ሊሠራ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ፤ ፊልሙ 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። በ2002 ስፓይደርማን 820 ሚሊዮን አለፈ። ማርቭል ሌላው ቡናውን ሲለቅም ከአጥሩ ማዶ ቆሞ አየ።

በእጁ የቀሩት እነማን ነበሩ? ሶኒ "ማን ይፈልጋቸዋል?" ያላቸው። ካፒቴን አሜሪካ፣ ቶር፣ አንት ማን፣ ዶክተር ስትሬንጅ፣ ብላክ ፓንተር፤ በጥቅሉ የአቬንጀርስ ሰዎች። አይረን ማን በሦስት ስቱዲዮዎች እጅ ዞሮ ሳይሠራ የተመለሰ ነበር።

በ2005 ማርቭል ያደረገው ነገር በእኔ ግምት የዚህ ታሪክ ትልቁ ድፍረት ነው። ከሜሪል ሊንች ባንክ 525 ሚሊዮን ዶላር ለመበደር ተዋዋለ፤ ለመያዣነትም የአሥር ገጸ ባሕርያትንና ቡድኖችን የፊልም መብት ሰጠ። ፊልሞቹ ከከሰሩ ባንኩ ካፒቴን አሜሪካንና አቬንጀርስን ይወርሳል። የዛፉ ባለቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬውን ራሱ ሊለቅም ተነሣ፤ ያውም ዛፉን አስይዞ።

በ2008 አይረን ማን ወጣ። ተዋናዩ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር በሱስና በእስር ስሙ የጠፋ፣ ስቱዲዮዎች የሚሸሹት ሰው ነበር። ፊልሙ 585 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። የስም ዝርዝሩ አልፎ ሰው ወንበሩን ሊለቅ ሲል ኒክ ፉሪ ብቅ ብሎ ስለ አቬንጀርስ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የአራት ዓመት ቀጠሮ ነበረች። በዚያው ዓመት ሀልክ፣ በ2010 ሁለተኛው አይረን ማን፣ በ2011 ቶርና ካፒቴን አሜሪካ ተከተሉ። በመሐል ዲዝኒ ማርቭልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። አቬንጀርስ በ2012 ሲወጣ ተመልካቹ ወደ ሲኒማው የገባው የሚያውቃቸውን ሰዎች ሊያይ ነው። ቶር ለምን ወንድሙን እንደሚያሳዝን፣ ካፒቴኑ ለምን ከዘመኑ ጋር እንደማይግባባ ማስረዳት አላስፈለገም። ፊልሙ ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ደቦውም እንደ 1961ዱ ጭቅጭቅ የተሞላ ነበር፤ ከጠላት ጋር ከመዋጋታቸው በፊት እርስ በርስ ተጣሉ።

ዲሲ በዚህ ሁሉ ጊዜ ተኝቶ አልነበረም። በ2007 ዳይሬክተር ጆርጅ ሚለር የጀስቲስ ሊግ ፊልም ሊሠራ ተዋናዮቹን መርጦ፣ ልብሳቸውን አሰፍቶ ነበር። የሆሊውድ ጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ መጣ፤ በአውስትራሊያ ተስፋ የተደረገው የግብር ቅናሽም ተከለከለ፤ ፊልሙ በ2008 ተሰረዘ። ቢሠራ ኖሮ ከአቬንጀርስ ይቀድም ነበር። በዚያው በ2008 ክሪስቶፈር ኖላን የሠራው የባትማን ፊልም፣ ዳርክ ናይት፣ 1 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። ባትማን ለብቻው ይህን ያህል ካመጣ ደቦ ለምን ያስፈልጋል? የዋርነር ሰዎች ይህን ማሰባቸው አይፈረድባቸውም። አንዳንዴ ያለጊዜው የሚመጣ ስኬት ከኪሳራ ይልቅ ያዘናጋል።

የአቬንጀርስ ገቢ ሲሰማ ግን መዘናጋቱ ወደ ድንጋጤ ተለወጠ። ከ2014 ጀምሮ ሁለቱ ቤቶች የሚጫወቱት ጨዋታ የልጆች ይመስል ነበር። ዋርነር ባትማንና ሱፐርማን የሚገናኙበትን ፊልም ለ2016 ግንቦት 6 ቀጠረ፤ ማርቭልም ሦስተኛውን የካፒቴን አሜሪካ ፊልም በዚያው ቀን አደርጋለሁ አለ። ማን ይለቃል? ለወራት ተያዩ። በመጨረሻ ዋርነር ወደ መጋቢት ሸሸ። በ2014 ጥቅምት ዋርነር እስከ 2020 የሚወጡ አሥር ፊልሞችን ቀን ቆርጦ አወጀ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማርቭል የራሱን ዘጠኝ አወጀ። ከዋርነር ዝርዝር ውስጥ የሳይቦርግ ፊልምና ሁለተኛው የጀስቲስ ሊግ ክፍል እስከ ዛሬ አልተሠሩም። ሶኒም የስፓይደርማንን ጉዳይ በ2015 ከማርቭል ጋር ተስማምቶ፣ የተሸጠው ልጅ ለጉብኝትም ቢሆን ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ዲሲ ማርቭል በአምስት ፊልም የሠራውን ትውውቅ ለማሳጠር ያደረገውን ያየ ይገርመዋል። በ2016 በወጣው የባትማንና የሱፐርማን ፊልም ውስጥ ፍላሽ፣ አኳማንና ሳይቦርግ የተዋወቁት በአንድ ኮምፒውተር ላይ በተከፈቱ አጫጭር ቪዲዮዎች ነው። ዎንደር ዉመን ቪዲዮዎቹን በኢሜይል ተልከውላት ስታይ እኛም አብረን አየን፤ አለቀ። ጀንፈል ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ከገባ ምን እንደሚሆን ለጅማ ልጅ አይነገርም። በመሐል በ2017 ሰኔ የወጣው የዎንደር ዉመን ፊልም ለብቻው በጊዜ ተሠርቶ 820 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ፤ ትዕግሥት በዚያም ቤት እንደሚሠራ ማስረጃ ነበር። ግን የጀስቲስ ሊግ ቀጠሮ ኅዳር ላይ ተቆርጦ ነበርና ማንም ሊያቆመው አልፈለገም።

በዚያ ዓመት ዳይሬክተሩ ዛክ ስናይደር ሴት ልጁን በሞት አጣ። ለጥቂት ጊዜ ሥራ ውስጥ ተሸሽጎ ለማለፍ ሞክሮ በግንቦት ፊልሙን ትቶ ወደ ቤተሰቡ ሄደ። ቀኑ ግን አልተራዘመም። ዋርነር የጠራው ጆስ ዊደንን ነው፤ ሁለቱን የአቬንጀርስ ፊልሞች የሠራውን ሰው። ከተፎካካሪው ቤት ማብሰያውን አምጥቶ በራስ ምድጃ የእሱን ወጥ ለመሥራት እንደመሞከር ነው። ብዙ ትዕይንቶች እንደገና ተቀረጹ። ሱፐርማንን የሚጫወተው ሄንሪ ካቪል በዚያን ጊዜ ለሌላ ስቱዲዮ ፊልም ጢም አሳድጎ ነበርና ያ ስቱዲዮ መላጨት ከለከለው፤ ጢሙ በኮምፒውተር ተፋቀ፤ ከንፈሩ እንግዳ ሆኖ የቀረበት ምክንያት ይህ ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት እንዲሆን ተቆርጦ ወጣ። 300 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት 660 ሚሊዮን ገደማ አስገባ፤ ከማስታወቂያው ወጪና ከሲኒማ ቤቶቹ ድርሻ በኋላ ኪሳራ ነበር። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የማርቭል ሁለት የአቬንጀርስ ፊልሞች እያንዳንዳቸው 2 ቢሊዮን አለፉ።

እንግዲህ 1961ንና 2017ን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም ጊዜ አንዱ ቤት የሌላውን ሽያጭ አይቶ በቅናት ተነሣ። ጉድማን ከዋርነር አለቆች የተሻለ ልብ ነበረው ብዬ አላምንም። ልዩነቱ፣ እንደሚመስለኝ፣ በ1961 ትእዛዙን የተቀበሉት ሰዎች ጠረጴዛቸው ላይ ብቻቸውን መተዋቸው ነው። መጽሔቱ ቢከስር የሚጠፋው ጥቂት ገንዘብ ነበር፤ ስለዚህ ማንም ትከሻቸው ላይ ቆሞ "እንደ እነሱ አድርጉት" አላላቸውም። በ2017 ግን ቅናቱ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አብሮ ተጓዘ፤ የጎረቤት ቀልድ፣ የጎረቤት ዳይሬክተር፣ የጎረቤት ሰዓት። ስናይደር ራሱ ያሰበውን አራት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ዓለም ያየው በ2021 ነው፤ ደጋፊዎቹ ለዓመታት ከጮኹ በኋላ። እነዚያ ደጋፊዎች ከጩኸታቸው ጎን ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ለሚሠራ ድርጅት ከግማሽ ሚሊዮን ዶላር በላይ ማሰባሰባቸውን ስለ ደጋፊዎች መጥፎ ብቻ ለሚያወራ ሰው መንገር ይገባል።

ማርቭልም ከዚህ በሽታ አላመለጠም። ከ2021 ጀምሮ በዲዝኒ የኢንተርኔት ቻናል ተከታታይ ድራማዎችን በላይ በላይ ደራረበ፤ ትውውቁ የቤት ሥራ ሆነ። በ2023 የወጣው ዘ ማርቭልስ የተባለው የሦስት ሴት ጀግኖች ፊልም 206 ሚሊዮን ዶላር ብቻ አስገብቶ የዚያ ቤት ዝቅተኛው ሆነ። የዲዝኒው ኃላፊ ቦብ አይገር ራሱ ብዛት ጥራትን እንደጎዳ በይፋ ተናገረ። በዲሲ በኩል ደግሞ በ2022 መሪነቱን ከተቀበሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ጀምስ ገን ነው፤ ማንም የማያውቃቸውን የማርቭል ጀግኖች ይዞ ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲን የሠራው፣ በ2018 ዲዝኒ አባሮት ዋርነር የተቀበለው። በ2025 ሐምሌ ሱፐርማንና ፋንታስቲክ ፎር በሁለት ሳምንት ልዩነት ሲኒማ ገቡ፤ ሱፐርማን ቀደመ፣ በገቢም በለጠ።

የጠረጴዛው ሰዎች ግን ምን አገኙ? ሱፐርማን ፊልም ሊሆን ሲል፣ በ1975፣ ጄሪ ሲገል ድህነቱን ለጋዜጦች ጻፈ። ዋርነር አፍሮ ለእሱና ዓይኑ ለደከመው ለሹስተር በዓመት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ጡረታ ቆረጠ፤ ስማቸውም በታሪኩ ላይ እንዲመለስ ተደረገ። ጃክ ከርቢ በ1970 ማርቭልን ትቶ ወደ ዲሲ ሄደ። በ1980ዎቹ የሣላቸውን የመጀመሪያ ገጾች ማርቭል እንዲመልስለት ጠየቀ፤ ከ10,000 በላይ ከሚሆኑት ውስጥ የተመለሱለት 2,000 ገደማ ናቸው። በ1994 ሲሞት አቬንጀርስ የሚባል ፊልም አልነበረም። ልጆቹ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጃፍ ካደረሱት በኋላ በ2014 ከማርቭል ጋር ታረቁ።

ይህን ሳስብ ስለ እኛው አገር አንድ ነገር ደስ ይለኛል። በ2018፣ ብላክ ፓንተር ሲኒማዎችን በሞላበት ዓመት፣ ኤታን ኮሚክስ "ጀምበር" የተባለ ኢትዮጵያዊ ሱፐርሂሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ "ሐዊ" የተባለች ጀግናም ተከተለች። የድርጅቱ መሥራች ብሥራት ደበበ ታሪኩንም የሚጽፈው ራሱ ነው። ደራሲውና አሳታሚው አንድ ሰው ሲሆን 130 ዶላር የሚከፍለው ሌላ ሰው የለም። ጀምበርና ሐዊ አንድ ቀን ደቦ ቢወጡ ማሳው የማን እንደሆነ ይታወቃል።

አቬንጀርስና ጀስቲስ ሊግ በፊልም ተገናኝተው አያውቁም፤ ጠበቆቹ ብቻ ቢሰለፉ አንድ ስታዲየም ይሞላሉ። በወረቀት ላይ ግን አንድ ጊዜ ተገናኝተዋል። በ1976 ሱፐርማንና ስፓይደርማን በአንድ መጽሐፍ ከወጡ በኋላ ሁለቱ ቤቶች ሁለቱን ቡድኖች ሊያገናኙ ተስማሙ፤ ጆርጅ ፔሬዝ የተባለ ሠዓሊ መሣል ጀመረ። በ1983 ሃያ አንድ ገጽ ከጨረሰ በኋላ አዘጋጆቹ በታሪኩ ላይ ተጣሉና ሥራው ቆመ። ፔሬዝ ሃያ ዓመት ጠበቀ። በ2003 ከደራሲው ከርት ቡሲክ ጋር እንደገና ጀምሮ በአራት እትም ጨረሰው፤ በሦስተኛው እትም ሽፋን ላይ የሁለቱንም ቡድኖች አባላት አንድ ሳያስቀር፣ ከሁለት መቶ በላይ ፊቶች ሣለ።

መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አልታተመም። በ2021 መጨረሻ ፔሬዝ የማይድን የቆሽት ካንሰር እንደያዘው ለወዳጆቹ አስታወቀ። ማርቭልና ዲሲ ለችግረኛ ሠዓሊዎች የሚሠራ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት መጽሐፉን እንዲያሳትም ፈቀዱ። 7,000 ቅጂ ታተመ፤ በ2022 መጋቢትም ለገበያ ቀረበ። ፔሬዝ ያረፈው በግንቦት 6 ነው።